ፒኤቹን ተወው፣ ውሃውን ቀይር

ለንደን ውስጥ ዲስከስ መያዝ የሚያምረው ወጣት ሁሉ ለምክር ሲመጣ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ የትኛውን የአርኦ ማሽን ልግዛ?» ኖራውን ከውሃ የሚያጣራው ይህ ማሽን ከነጭራሹ ያስፈልገኛል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሻጩ አስቀድሞ አስፈራርቶታል። የዚህ ከተማ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፣ ዲስከስ የአማዞን ዓሣ ነው፣ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት ልክ) ስድስት ተኩል ካላደረስክ ይሞትብሃል ተብሏል። የኔ መልስም አይለወጥም፦ ለማሽኑ በያዝከው ገንዘብ ትልቅ በርሜልና ደህና ሂተር ግዛ።

ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ኦስትሪያዊው ዮሐን ያኮብ ሄክል እ.ኤ.አ. በ1840 ዲስከስን በሳይንስ ስም ሲመዘግብ ናሙናው የመጣለት ከሪዮ ኔግሮ ነበር። የወንዙ ውሃ እንደ ሻይ የጠቆረ፣ ፒኤቹ ከአምስት በታች የሚወርድ፣ ካልሲየም የሌለበት ያህል ነው። ከዚያው ተጠምዶ የመጣ የሄክል ዲስከስ ያለው ሰው ለስላሳ ውሃ ያዘጋጅ እላለሁ። ሱቅ የምናገኘው ቀይና ሰማያዊ ዲስከስ ግን ያንን ወንዝ አያውቀውም፤ ትውልድ ከትውልድ በማሌዥያ፣ በታይላንድና በጀርመን ገንዳዎች የተፈለፈለ ነው። ዋሬንዶርፍ ያለው የስቴንድከር ቤተሰብ እርባታ ዓሦቹን ኖራ ባለው የቧንቧ ውሃ እንደሚያሳድግ ዲስከስ የያዘ ሰው ሁሉ ይሰማል። ሰምቶም ግን ፒኤቹን ለማውረድ አሲድ ይገዛል።

አሲዱ የሚሠራው ይህን ነው። ኖራ ያለበት ውሃ ካርቦኔት አለው፤ ካርቦኔቱ አሲዱን ይውጠዋል። ፒኤቹ ለጥቂት ሰዓት ይወርድና የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ሲወጣ ተመልሶ ከፍ ይላል። ሰውየው በነጋታው ለክቶ ደግሞ ይጨምራል፤ በማግስቱም እንዲሁ። ዲስከስ ከፍ ያለ ፒኤች ይችላል፤ መዋዠቁን ነው የማይችለው። ሲዋዥቅበት መጀመሪያ ሰውነቱ ይጠቁራል፣ ከላይ ወደ ታች የወረዱት ዘጠኝ መስመሮች ይደምቃሉ፣ ክንፉን ሰብስቦ ከሂተሩ ጀርባ ይለጠፋል። የሚመገበውን የበሬ ልብ አፉ ድረስ ብታመጣለት ፊቱን ያዞራል።

በለንደን ውሃ ላይ በእውነት የምፈራው ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣውን አሞኒያ ነው። በ28 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች ሰባት ላይ፣ ገንዳው ውስጥ ካለው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ አይሞላም። ፒኤች ስምንት ላይ ከመቶ ስድስት ያልፋል። ስለዚህ በእኛ ውሃ ባክቴሪያው በቅጡ ያልጸናበት ፊልተር ምሕረት የለውም፤ ይህንን ለጀማሪ ደጋግሜ እናገራለሁ። ለስላሳው ውሃም የራሱ ወጥመድ አለው። ባክቴሪያዎቹ አሞኒያን ሲለውጡ ካርቦኔቱን ይጨርሱታል። ሲያልቅ ፒኤቹ ይዘቅጣል፣ ባክቴሪያዎቹም ይደክማሉ፤ አሞኒያው በማይጎዳ መልኩ ሳይታይ ይከማቻል። አንድ ወዳጄ ማሽኑ ተበላሽቶበት በእንዲህ ያለ ገንዳ ላይ የቧንቧ ውሃ ለቀቀበት። ፒኤቹ ሲወጣ የተከማቸው ሁሉ መርዝ ሆነ፤ ሲነጋ ዓሦቹ ተንሳፍፈው ነበር። እስከ ዛሬ የሚወቅሰው ኖራውን ነው።

በርሜሉ ላይ ግትር ነኝ። በክረምት ከቧንቧ የሚመጣ ቀዝቃዛ ውሃ በግፊት የሟሟ አየር ይዟል፤ ቀጥታ ከለቀቅከው ጥቃቅን አረፋ በዓሣው ክንፍና ዓይን ላይ ይለጠፋል። ማታ በርሜሉን እሞላለሁ፣ የክሎራሚን ማጥፊያውን እጨምራለሁ (ክሎራሚን እንደ ክሎሪን ስላሳደሩት ብቻ አይወጣም)፣ ሂተሩን 29 ላይ አድርጌ የአየር ፓምፑን እከፍታለሁ። ጠዋት የእጄን ጀርባ በርሜሉ ላይ፣ ቀጥሎ ገንዳው ላይ አሳርፋለሁ። ሙቀታቸው እኩል ከሆነ ግማሹን እቀይራለሁ፤ በየሁለት ቀኑ፣ ያለ ማመካኛ። ቅባቱ ተገፎ ከነጭ ሽንኩርት ጋር የተፈጨ የበሬ ልብ የሚበላ ዓሣ ውሃውን ቶሎ ያቆሽሻል። በጾም ወራት ቤታችን የሚገባው ሥጋ የዓሦቹ ብቻ ነው።

ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ነጭ ቅርፊት የሚለብስባት ከተማ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ እናቴ ሌሊት ተነስታ በርሜል ትሞላ ነበር፤ በርሜሉ ሲሞላ ድምፁ የሚቀየርበትን ጊዜ ተኝቼ እለየው ነበር። የተለመደ የቤት አርኦ ማሽን አንድ ሊትር አጣርቶ ለመስጠት ሦስትና ከዚያ በላይ ሊትር ወደ ፍሳሽ ይደፋል። በፈረቃ ውሃ ላደግሁት ለእኔ ያ ብክነት አይዋጥልኝም።

ለስላሳ ውሃ የማዘጋጀው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ጥንዶች እንቁላል ሲጥሉ። ካልሲየም ሲበዛ የእንቁላሉ ሽፋን ይጠጥራል፣ ብዙው ሳይፈለፈል ይነጣል። ለዚያን ጊዜ የሚበቃኝን ያህል የተጣራ ውሃ በጀሪካን እገዛለሁ። ጫጩቶቹ መዋኘት ሲጀምሩ የወላጆቻቸው ጎን ላይ ይሰፍራሉ፤ ምግባቸው ከቆዳው የሚወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። የፕሊማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት በዚህ ወቅት ፈሳሹ ውስጥ ፕሮቲንና በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገር እንደሚጨምር አሳይተዋል። አባትየው ሲደክመው ሰውነቱን አርገፍግፎ ከመንጋው ይወጣል፤ ጫጩቶቹ ለቅጽበት ይበተኑና እናትየዋ ላይ ይሰፍራሉ። እኔና ባለቤቴ ልጆቻችንን ያሳደግነው በር ላይ እየተቀባበልን ነው፤ እሷ ከጽዳት ሥራ ስትገባ እኔ ለሌሊት አውቶቡስ እወጣ ነበር። በዚያ ድካም ብዙ ያልተነጋገርንበትን ነገር ኋላ ገንዳው ፊት ተቀምጠን ነው ያወራነው።

ጫጩቶቹ ራሳቸውን ሲችሉ ቀስ በቀስ የቧንቧ ውሃ አለማምዳቸዋለሁ። ታላቋ ልጄ ለሥራ ግላስጎው ስትሄድ የወሰደችው እንዲህ ካደጉት ነው። ግላስጎው የሚጠጣው ከሎክ ካትሪን ሐይቅ ነው፤ ውሃው እጅግ ለስላሳ፣ አርኦ አምላኪዎች የሚመኙት ዓይነት። ብዙም ሳትቆይ ደወለች። «አባዬ፣ ፒኤቹ እየወረደ ነው፤ መብላትም ትተዋል።» የተከሰከሰ ኮራል በከረጢት አድርጋ ፊልተሩ ውስጥ እንድትጨምር ነገርኳት። ጨመረች። ፒኤቹ ሰባት ተኩል አካባቢ ላይ ረጋ፣ ዓሦቹም መብላት ጀመሩ።