አንድ ሴንቲ ሜትር ቢጫ

ክንድ በእኛ ቋንቋ መለኪያ ነው። ጋቢው በክንድ ተሸምኗል፣ አቡጀዲው በክንድ ተሸጧል። ገዢ ክንደ ረጅም ዘመዱን አስከትሎ ገበያ ይወጣ፣ ነጋዴውም ክንደ አጭር ልጁን ያስለካ እንደነበር ሽማግሌዎች እየሳቁ ያወራሉ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው ጥብጣብ ግን ነገሩን ገልብጣዋለች። እሷ የምትለካው ክንድን ነው፤ ያውም የሕፃን ክንድ።

የጤና ባለሙያዎች «ሙአክ» ይሏታል። ሲያዩዋት ምንም አይደለችም፦ ሦስት ቀለም ያላት ቀጭን ፕላስቲክ። በእጅ ይዞ ለመረመራት ግን ተራ በተራ ሥራዋ ይታያል። ሰፋ ባለው ጫፏ ላይ ስንጥቅ አለ፤ ቀጭኑ ጫፍ ክንዱን ዞሮ በዚያ ስንጥቅ ያልፋል። አጠገቡ ትንሽ መስኮት ተከፍታለች፤ ቀስት ወደ መስኮቷ ይጠቁማል፣ መልሱም እዚያ ይነበባል። የልብስ ሰፊ ሜትር ሲቆይ ይለጠጣል፤ ይህች እንዳትለጠጥ ሆና ተሠርታለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ ከ12.5 በላይ አረንጓዴ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቢጫ ስፋቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። «ልጁ ደህና ነው» በሚለውና «ልጁ ሊሞት ይችላል» በሚለው መካከል ያለው ቦታ ሁሉ ያ ነው።

የቁጥሩን ትርጉም በእጄ ለማወቅ ብዬ አንድ ቀን ከወጥ ቤት የሐበሻ ዕንቁላል አምጥቼ ወገቡን ለካሁት። ቢጫው ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ዕንቁላል ስይዝ ጣቶቼ ሌላ ነገር ያስታውሳሉ።

ለመሆኑ ለምን ክንድ? ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ድረስ ጤነኛ ልጅ ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፣ ቁመቱም ሽቅብ ይሄዳል። የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የሚጨምረው ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ መስመር ለሁሉም ዕድሜ ይሠራል ማለት ይቻላል። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። የልጅ ልደት «የጥምቀት ማግስት» ወይም «ክረምቱ ሊገባ ሲል» እየተባለ በሚታወስበት ቀበሌ ግን ዕድሜ የማይጠይቅ መሣሪያ ትልቅ ነገር ነው። ክብደት ለቁመት የሚባለው ሌላው መንገድ ሚዛን፣ የቁመት ሰሌዳ፣ ሁለት ሰው፣ ሠንጠረዥና የማያለቅስ ልጅ ይፈልጋል። የመጨረሻው በተለይ አይገኝም።

እዚህ ለመድረስ ግን አርባ ዓመት ያህል ፈጅቷል። በናይጄሪያው የቢያፍራ ጦርነት ጊዜ የኩዌከር እርዳታ ሠራተኞች ከፋፍለው ምልክት ያደረጉበት ዱላ ያቆሙና ክንዱ የተለካውን ልጅ አጠገቡ ያቆሙት ነበር፤ ለክንዱ ከተመደበው ምልክት በላይ የረዘመ ልጅ ከስቷል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 (ቀጥለው የሚመጡት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) የባግዳዱ ሐኪም አድናን ሻኪርና እንግሊዛዊው ዴቪድ ሞርሊ ዱላውን ትተው ሦስት ቀለም ያለው ጥብጣብ አሳተሙ። የእነሱ ጥብጣብ ከአሮጌ የራጅ ፊልም ተቆርጦ ሊሠራ ይችል ነበር፤ ፊልም አይለጠጥም፣ በየሆስፒታሉ ተጥሎ ይገኛል። ይህን ሳነብ ደስ ያለኝ ብልሃቱ ብቻ አይደለም። የአንዱ በሽተኛ ሳንባ የታየበት ፊልም የሌላውን ልጅ ክንድ መለካቱ ነው።

በዚያን ጊዜ መስመሮቹ 12.5 እና 13.5 ላይ ነበሩ። ታዲያ ቀዩ እንዴት ወደ 11.5 ወረደ? የጥብጣቧ ረቂቅ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከውጭ ግን አይታይም። ባንግላዴሽ ውስጥ ማትላብ በሚባል ገጠር ተመራማሪዎች ወደ 2,000 የሚጠጉ ሕፃናትን ለክተው ለሁለት ዓመት ተከታተሏቸው፤ ውጤቱ በ1980 ወጣ። የጠየቁት «ማን ቀጭን ነው?» ብለው አልነበረም። «ማን ሞተ?» ብለው ነበር። የሞት አደጋው ልጁ በከሳ ቁጥር ቀስ እያለ የሚጨምር ሆኖ አልተገኘም፤ እስከ አንድ ቦታ ድረስ ብዙም አይለወጥም፣ ከዚያ ቦታ ሲያልፍ ግን በድንገት ይንራል፤ ሜዳው አልቆ ገደል እንደሚጀምርበት። ቀጥለው የመጡት ጥናቶች፣ በተለይ ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ብሪያንድ እዚያው ማትላብ የተሳተፈባቸው፣ ሊሞት የተቃረበውን ልጅ ለይቶ በማውጣት ክንድ ከሚዛኑና ከቁመቱ እንደሚሻል አሳዩ። ስለዚህ ቀዩ መስመር የተሰመረው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ 11 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆየ። በ2009 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ማስረጃውን እንደገና መዝነው ወደ 11.5 ከፍ አደረጉት፤ በመላው ዓለም ጥብጣቧ እንደገና ታተመች። የተጨመረው ቀይ የምስር ፍሬ ስፋት ያህል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። በእኛ መሥሪያ ቤቶች «በጥናት ላይ የተመሠረተ» የሚለው ሐረግ ከመነገሩ ብዛት ጣዕሙ አልቋል። ጥናቱ ይጠናል፣ ይጠረዛል፣ ዐውደ ጥናት ይደረግበታል፣ ሻይ ይጠጣበታል፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ይህን በለመደ ዓይን ነው ጥብጣቧን የማያት። የማትላብ ሁለት ዓመት ተጣጥፎ ኪስ ውስጥ ገብቷል። ጥብጣቧን የያዘችው ሴት ጥናቱን ማንበብ አይጠበቅባትም፤ የምትወስደው ውሳኔ ግን የጥናቱ ውሳኔ ነው።

ጥብጣቧ የለየችው ልጅ የት ይታከም የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በደንብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2000 የእኛው አገር ነበር። በዚያ ዓመት ጎዴ አካባቢ በተከሰተው ረሀብ ማን መቼና በምን እንደሞተ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ዞረው መዘገቡ። ከተመዘገቡት 293 ሞቶች ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት ዋናው እርዳታ ከመድረሱ በፊት የደረሱ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በታች ሆነው ከሞቱት 159 ሕፃናት በ35ቱ ሞት ውስጥ ኩፍኝ ነበረበት። የተራበ ሕዝብ ምግብ ፍለጋ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ፣ ክትባቱ ካልቀደመ፣ ኩፍኝ ይቀድማል። ሕፃናቱን ለማዳን የተቋቋመው ቦታ ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ሀዲያ ውስጥ ባደዋቾ ወረዳ ሌላ ነገር ተሞከረ። የተለመደው ሥራ እናቲቱ ከሳ ያለውን ልጇን ይዛ ማገገሚያ ጣቢያ ገብታ ለሳምንታት እንድትተኛ ማድረግ ነበር፤ ቤት የቀሩት ልጆች፣ እርሻውና ከብቱ የማንም ሐሳብ አልነበሩም። ሐኪሙ ስቲቭ ኮሊንስ ኮንሰርን ከተባለው የእርዳታ ድርጅት ጋር ሆኖ ልጆቹ ለውዝና ወተት ያለበትን አልሚ ምግብ ይዘው ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ አደረገ። በ2002 በታተመው ዘገባ ከ170 ልጆች 144ቱ አገግመዋል፣ ሰባቱ ሞተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ጥናቱም ሁለት ወገን አወዳድሮ የፈተነ አልነበረም። ግን በሩ ተከፈተ። በ2007 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ይህን አሠራር በጋራ መግለጫ ተቀበሉት፣ በ2008 ደግሞ የምግብ ችግር ሲመጣ ኢትዮጵያ ሕክምናውን ወደ ጤና ኬላ አወረደችው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን በየቀበሌው አሰማርቶ ነበርና እጅ አልጠፋም። ልጁ ቤቱ ሆኖ የሚታከም ከሆነ ግን ሳይደክም በፊት ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያገኘው ያስፈልጋል፤ ሚዛንና የቁመት ሰሌዳ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ የለም። ጥብጣቧ ባትኖር አሠራሩ ሁሉ በእግሩ አይቆምም ነበር።

ሌላም የአገር ቤት ጉዳይ አለ። የአርብቶ አደር ልጆች እግራቸው ረጅም፣ ገላቸው አጭር ነው። ክብደታቸው ከቁመታቸው ጋር ሲነጻጸር ሁልጊዜ የጎደላቸው ይመስላል። ማርክ ማያትና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ሥራ የኢትዮጵያን አርሶ አደርና አርብቶ አደር ልጆች አነጻጽረው፣ በክብደት ለቁመት ሲለካ የአርብቶ አደሩ ልጅ ከሚገባው በላይ «የተራበ» ሆኖ እንደሚቆጠር፣ ክንድ ግን በእግር ርዝመት ያን ያህል እንደማይታለል አሳዩ። እርዳታ በሚከፋፈልበት አገር ይህ የሰውነት ቅርጽ ወሬ ብቻ አይደለም፤ መኪናው ወደየት እንደሚሄድ ይወስናል።

ጥብጣቧ የማታየውም አለ። ኳሺዮርኮር የሚባለው የምግብ እጥረት ልጁን ያሳብጠዋል፤ ክንዱ የወፈረ፣ ጉንጩ የሞላ፣ አረንጓዴ ላይ የሚያርፍ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤትም «ከዓይን ያውጣው» ትለዋለች። ለዚህ ጥብጣብ አልተሠራም፣ አውራ ጣት ግን አለ። በሁለቱም እግሮች ላይ ለሦስት ሴኮንድ ተጭኖ ሲነሣ ጉድጓዱ ከቀረ፣ ቀለሙ ምንም ይበል ልጁ ታሟል። የዚህን መሣሪያ ሠሪዎች የማከብራቸው በዚህም ነው፦ ጥብጣቧን ሁሉን አዋቂ ሊያደርጓት አልሞከሩም፤ የማትችለውን ለጣት ተዉለት።

አሁን ወደ እጁ እንምጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትለካ ቢያዩ ቶሎ ያልቃል። ግራ ክንዱን ከክርኑ አጥፋ የትከሻውን ጫፍና የክርኑን ጫፍ ታገኛለች፣ መካከሉን ምልክት ታደርጋለች። ከዚያ እጁ እንዲዘረጋ ትተወዋለች። «እህቴ፣ እጁን ልቀቂው፤ ይንጠልጠል» ትላለች እናቲቱን። ፈሪ ልጅ ክንዱን ያጠነክራል፣ የጠነከረ ጡንቻም ያብጣል፣ ቁጥሩም ይዋሻል። ጥብጣቧን ስታጠብቅ ሥጋው ገባ ብሎ ከተሰረጎደ አጥብቃዋለች፣ በሥሯ ብርሃን ካየች አላልታዋለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልክ በመመሪያው ላይ በቃል ተጽፏል፣ በእጅ ግን የሚገኘው ከብዙ ክንድ በኋላ ነው። ጎበዟ ጥብጣቧን አትጎትታትም፤ ታስገባታለች፣ ትተዋታለች፣ ከዚያ በመስኮቷ ታነባለች።

11.4 ካነበበች ቀይ ነው። ግን በዚያ አትቆምም። እግሩን ትጫናለች። አልሚ ምግቡን ከፍታ ለእናቲቱ ትሰጣትና ልጁ ሲበላ ቁጭ ብላ ታየዋለች፤ የማይበላ ልጅ ቤቱ አይላክም፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። ትኩሳቱንና ሳሉን ትጠይቃለች። 11.6 የሆነውን ልጅም እንዲሁ «ቢጫ ነው» ብላ አታሰናብተውም፤ ባለፈው ወር 12.4 እንደነበር መዝገቧ ላይ አለ። ጥብጣቧ የዛሬን ትናገራለች፣ መዝገቡ ልጁ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይናገራል። ማስረጃና ዳኝነት ተጣልተው የማይገኙበት ቦታ ካለ ይህ ሠራተኛዋ ቁጢጥ ብላ የተቀመጠችበት ዱካ ነው።

ከዚያ ኒጀር ውስጥ አንድ ጥያቄ ተነሣ፦ እናቶቹ ራሳቸው ቢለኩስ? በመጀመሪያ አነስ ባለ ሙከራ እናቶች በግራ ክንድ ብቻ ሳይወሰኑ፣ መካከሉን በዓይናቸው ገምተው ለኩ፤ ከባለሙያው ጋር ሲነጻጸር ስሕተታቸው ሥራውን የሚያበላሽ አልሆነም። የግራ ክንድ ግዴታና መካከሉን የመለካት ሥርዓት፣ ለዓመታት በየሥልጠናው የተጠኑት ሁለት ትእዛዞች፣ ሊቀሩ የሚችሉ ሆኑ። በ2016 ሰፋ ያለ ጥናት ታተመ፤ በአንድ ወገን የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች፣ በሌላው ወገን እናቶች። እናቶቹ አላነሱም። እንዲያውም እናቶች የላኳቸው ልጆች ሳይብስባቸው ደረሱ፣ ተኝተው መታከም ያስፈለጋቸውም አነሱ።

ምክንያቱ ምሥጢር አይመስለኝም። ሠራተኛዋ የምትመጣው በወር አንዴ ነው፤ ልጁ እንግዳ ሲያይ ያለቅሳል፣ ክንዱን ያጠነክራል። እናት ግን መጠበቅ ትችላለች። ማታ ልጁ ጭኗ ላይ እንቅልፍ ሲወስደው፣ ጥብጣቧን ከነጠላዋ ጫፍ ትፈታለች። የተኛ ልጅ ክንድ ልቅ ነው።