ከ«ቼክ አውት» ወዲያ፦ የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግሶችና መስተዋድዶቻቸው በዓባይ ማዶ አንደበት

ጣና ዳር ካሉት የባሕር ዳር ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ መቀበያ አጠገብ ጥቂት የቆመ ሰው «እንግዳው ከሆቴሉ ቼክ አውት አድርጓል» ሲባል ይሰማል። ድልድዩን ተሻግሮ ዓባይ ማዶ ካሉት የኮምፒውተር ቤቶች ጎራ ካለም «ወደ ኢሜይሌ ሎግ ኢን ላድርግ»፣ «ፋይሉን ባክ አፕ አርግልኝ» የሚል ደንበኛ አያጣም። እንዲህ ያለው አነጋገር አማርኛን አቆሸሸ ተብሎ ሲወቀስ ቆይቷል። ወቀሳውን ለሌላ ጊዜ ላቆየውና ዓረፍተ ነገሮቹን እንደ ሰዋስው ማስረጃ ልመልከታቸው፤ የእንግሊዝኛ መምህራን ለዓመታት ሲታገሉት ለኖሩት አንድ ጥያቄ መልስ ይዘዋልና።

እንግሊዝኛው «ቼክ አውት ኦፍ ዘ ሆቴል» ነው የሚለው። ከግሱ በኋላ ሁለት ደቃቅ ቃላት ተከታትለው ይመጣሉ። የባሕር ዳሩ ተናጋሪ ሲዋስ «አውት»ን ከግሱ ጋር ይዞ መጣ፤ «ኦፍ»ን ግን እዚያው ትቶ የራሱን «ከ» ሆቴሉ ላይ ቀጠለ። «ቼክ አውት ኦፍ አደረገ» የሚል ሰው የለም። «ሎግ ኢን ቱ»ም ሲመጣ «ቱ» ቀርቶ «ወደ» ተተካ። የመጀመሪያው ደቃቅ ቃል የግሱ አካል እንደሆነ፣ ሁለተኛው ደግሞ ለሚከተለው ስም እንደሚያገለግል ተናጋሪው ማንም ሳይነግረው ለይቶታል። በክፍል ውስጥ ተማሪውን ግራ የሚያጋባው ይኸው ልዩነት ነው፤ በንግግሩ ግን ቀድሞ አልፎታል።

የግስና የደቃቅ ቃል ጥምረት ለባዕድ ተማሪ እንቅፋት መሆኑ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ ይህንኑ ጠቅሶ ጥምረቶቹን በትጋት መመዝገቡን ገልጿል። ዛሬ የምንሠራበት «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው ስያሜ በኅትመት የወጣው በ1925 እ.ኤ.አ. በሎጋን ፒርሳል ስሚዝ መጽሐፍ ሲሆን፣ ስሚዝም ስያሜውን ያገኘው ከኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከሄንሪ ብራድሊ ነው። ችግሩ የብዛት ይመስላል፤ ነገር ግን ጋርድነርና ዴቪስ የብሪታኒያን ብሔራዊ የጽሑፍና የንግግር ክምችት መርምረው በ2007 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ 20 ግሶች ከ8 ደቃቅ ቃላት ጋር እየተጣመሩ በክምችቱ ከተገኙት ሐረጋዊ ግሶች ከግማሽ በላይ ይሸፍናሉ። ስለዚህ ረጅሙ የሽምደዳ ዝርዝር የሚፈጥረው ፍርሃት ከቋንቋው አጠቃቀም ጋር አይመጣጠንም።

የሁለቱን ደቃቅ ቃላት ልዩነት የሚያሳይ ቀላል መፈተኛ አለ። «ፒክ አፕ» ተውላጠ ስም ሲገባበት «ፒክ ኢት አፕ» ይሆናል፤ «ኢት» መሐል ይገባል። «ሉክ አት» ግን «ሉክ አት ኢት» እንጂ ሌላ አይሆንም። መስተዋድድ ከስሙ በፊት ይቆማል፤ የግሱ ተቀጥላ ግን መሐሉን ይለቃል። እንደ «ፑት አፕ ዊዝ»፣ «ራን አውት ኦፍ»፣ «ካች አፕ ዊዝ» ባሉት ሁለቱም በየተራቸው ተሰልፈዋል፤ «ራን አውት» ብቻውን «አለቀ» ነው፤ ምን እንዳለቀ ለመናገር ሲፈለግ «ኦፍ» ይመጣል።

የሴም ቋንቋ ተናጋሪ ከሐረጋዊ ግስ ይሸሻል የሚለው ሐሳብ ዋና ማስረጃው ዳጉትና ላውፈር በ1985 እ.ኤ.አ. በዕብራይስጥ ተናጋሪ ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ጥናት ነው። ተማሪዎቹ ባለ አንድ ቃሉን ግስ ሲመርጡ ስለተገኙ፣ አጥኚዎቹ ምክንያቱ ዕብራይስጥ እንዲህ ያለ ቅርጽ ስለሌለው ነው አሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ሁልስታይንና ማርኬና ተመሳሳይ ቅርጽ ያለውን የደች ቋንቋ ተናጋሪዎች ፈትነው፣ እነሱም ትርጉሙ ራቅ ያለውን ጥምረት እንደሚሸሹ አሳዩ። የቅርጽ መኖርና አለመኖር ብቻውን ነገሩን አይፈታም ማለት ነው። የዕብራይስጡን ውጤት «አማርኛም ሴማዊ ነው» ብሎ በቀጥታ ወደ እኛ ማምጣት ደግሞ የባሰ ስህተት ነው፤ አማርኛ ባዶ እጁን አይደለምና።

ከፍ አለ፣ ዝቅ አደረገ፣ ብድግ አለ፣ ወጣ አለ እያልን የማይረባውን ክፍል አስቀድመን በ«አለ» እና በ«አደረገ» እናረባለን። «ቼክ አውት» እና «ባክ አፕ» ሲመጡም የገቡት በዚሁ በር ነው። ልዩነቱ ሥራ አከፋፈሉ ላይ ነው። እንግሊዝኛ መጨረስን ለማመልከት «ኢት አፕ»፣ «ድሪንክ አፕ»፣ «ፊል አፕ» እያለ አንዷን «አፕ» ያመላልሳል። እኛ ለምግቡ ጥርግ፣ ለመጠጡ ጭልጥ፣ ለሚሞላው ሙልት፣ ለሚዘጋው ግጥም እንላለን፤ ለየሥራው የየራሱ ቃል አለ። «አፕ» ማለት «ወደ ላይ» ነው ተብሎ የተነገረው ተማሪ «ድሪንክ አፕ» ላይ ቢቸገር አይፈረድበትም። «ጭልጥ አድርጎ ጠጣ» የሚለውን ግን ከእናቱ ቤት ይዞት መጥቷል።

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ «ኦን» ነው። «ሺ ሃንግ አፕ ኦን ሚ» የሚለው ለብዙ ተማሪ እንቆቅልሽ ነው። አማርኛው «ስልኩን ዘጋችብኝ» ይላል። «አፕ» መዘጋቱን ያሳያል፤ «ኦን» ደግሞ ጉዳቱ በማን ላይ እንደደረሰ የምትናገረው «ብኝ» ናት። ባጃጁ መሐል ድልድይ ላይ የቆመበት ሾፌር «ድልድዩ ላይ ቆመብኝ» ይላል። ይህ በእንግሊዝኛ «ኢት ዳይድ ኦን ሚ ኦን ዘ ብሪጅ» ነው። ሁለት «ኦን» ተከታትለዋል፤ አማርኛ አንዱን «ብኝ»፣ ሌላውን «ላይ» ብሎ ይለያቸዋል። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ያጨቀውን የቦታና የጉዳት ትርጉም የእኛ ተማሪ ነጣጥሎ ያውቀዋል። ፈረደለትና ፈረደበት፣ ተነሳለትና ተነሳበት እያለ ላደገ ሰው፣ «ስታንድ አፕ ፎር» ከ«ተርን ኦን» በምን እንደሚለይ ማስረዳት ረጅም ጊዜ አይወስድም። እርግጥ «ኦን» ሁሉ «በት» አይደለም፤ «ኬሪ ኦን» መቀጠል እንጂ ማንንም መጉዳት የለበትም።

ስህተቶቹም ሲመረመሩ ምንጫቸው ግልጽ ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» የሚለው አማርኛ፣ እንግሊዝኛው የማይፈልገውን «አባውት» እየጨመረ «ዲስከስ አባውት» ያሰኛል። በተቃራኒው «ጩኸቱን ቻልኩት» ላይ አማርኛ የሚፈልገው «ን»ን ብቻ ስለሆነ ተማሪው «ዊዝ»ን ይጥልና «ፑት አፕ ዘ ኖይዝ» ይላል። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሲ ዩ» የሚለው ደግሞ የተለመደ ነው። «ቱ» እዚህ መስተዋድድ ስለሆነች «ሲይንግ» መከተል አለበት። ተማሪው «ለማየት እጓጓለሁ» ከሚለው ተነስቶ «ቱ ሲ» ቢል ግን አማርኛውን መውቀስ አይገባም። «ማየት» ራሱ ስም ነው፤ «ማየቱ፣ የማየት፣ በማየት» እየተባለ እንደ ስም ይሄዳል፤ «ለ»ም የወደቀችው ስም ላይ ነው። መምህሩ ይህን ቢያሳየው «ሲይንግ» ለምን እንዳስፈለገ በራሱ ቋንቋ ያየዋል።

ለዚህ የሚሆን የማስተማር ልምድ ከጣና ዙሪያና ከጎጃም የቅኔ ቤቶች አይጠፋም። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ የግእዝ ተማሪ ከግስ እርባታ ጋር አገባብን፣ ዐቢዩን፣ ንዑሱንና ደቂቁን፣ ለብቻው ይማራል፤ ደቃቁ ቃል በምን ላይ እንደሚወድቅ፣ ከግስ ጋር እንደሚሄድ ወይስ ከስም ጋር፣ እየተጠየቀ ይመልሳል። ባዬ ይማምም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት የአማርኛ ሰዋስው መስተዋድድን ከአምስቱ የቃል ክፍሎች አንዱ አድርገው ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥተውታል። ባሕር ዳር ደግሞ በ1972 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲው፣ መምህራን ሲያወጡባት የኖረች ከተማ ናት። በአንድ ከተማ ዙሪያ ሁለቱ ትምህርቶች ሳይተዋወቁ መኖራቸው ያሳዝነኛል። ለእንግሊዝኛ መምህርነት የሚሠለጥን ወጣት «ጌት አዌይ ዊዝ»ን በአንድ የአማርኛ ግስ ተርጉሞ ከማስሸምደድ ይልቅ፣ «አዌይ» በምን ላይ ወደቀ፣ «ዊዝ»ስ በምን ላይ ወደቀ ብሎ እንደ አገባብ መምህር ቢጠይቅ፣ ተማሪዎቹ «ከሆቴሉ ቼክ አውት አደረገ» ሲሉ በሠሩበት ዕውቀት ይመልሱለታል።