ንጉሡ ሸርጣን የማን ዘር ነው?

የሰሜን ፓስፊኩ ንጉሥ ሸርጣን እግሮቹን ሲዘረጋ ከአንድ ሜትር ተኩል ያልፋል፤ ጀርባው እሾሃማ ጋሻ ነው። ባሕታዊ ሸርጣን ደግሞ ለስላሳ ሆዱን የሞተ ቀንድ አውጣ በተወው ቅርፊት ሸሽጎ የሚኖር ትንሽ ፍጡር ነው። ክሊፎርድ ካኒንግሃም፣ ኒል ብላክስቶን እና ሊዮ በስ እ.ኤ.አ. በ1992 በኔቸር መጽሔት ባወጡት አጭር ጥናት፣ ንጉሡ የተገኘው ከባሕታዊው ዘር ነው አሉ።

ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። ሴቷን ንጉሥ ሸርጣን ገልብጦ ሆዷን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፦ በግራ በኩል ያሉት ሳህን መሰል ቅርፊቶች ከቀኙ ይበልጣሉ፤ እንቁላል የምትይዝባቸው ትናንሽ እግሮችም በግራ ብቻ ናቸው። በጠመዝማዛ ቅርፊት የማይኖር እንስሳ ሆዱ ለምን ይጣመማል? ፈረንሳዊው ተመራማሪ ቡቪዬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ከዚህ ተነስቶ ዝምድናውን ጠርጥሮ ነበር። የ1992ቱ ጥናት ያመጣው ማስረጃ ከሆድ ቅርጽ ውጭ የሆነ፣ ከማይቶኮንድሪያ ዘረመል የተነበበ ነው። ውጤቱም ከተጠበቀው አልፎ ሄደ፤ ንጉሡ የባሕታዊዎቹ ጎረቤት ሳይሆን ፓጉሩስ በሚባለው ወገን መካከል የተወለደ ልጅ ሆኖ ተገኘ።

ጥናቱን የማደንቀው ዘረመሉና አካሉ አንድ ቃል ስለተናገሩ ነው። ድክመቱን ግን አልሸፍንም። ምስክሩ አንድ ዘረመል ብቻ ነው፤ አንድ ዘረመል ደግሞ የራሱን ታሪክ እንጂ የእንስሳውን ሁሉ ላይናገር ይችላል። የተመረመሩት ዝርያዎችም ጥቂት ናቸው። ለስላሳው ሆድ እንዴት ዳግም ጋሻ እንደለበሰ በቂ መልስ አልሰጠም። ተመራማሪዎቹ ፓትሲ ማክላፍሊንና ራፋኤል ለሜትር በ1997 የተቃወሙት ለዚህ ነው፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነበር።

ሆኖም በ2002 ካኒንግሃም ራሱ ያለበት ሌላ የተመራማሪዎች ቡድን የማይቶኮንድሪያ ዘረመሎችን የአሰላለፍ ቅደም ተከተል አነጻጽሮ ወደዚያው መደምደሚያ ደረሰ። እንዲህ ያለ ቅደም ተከተል በሁለት ወገኖች በአጋጣሚ አንድ ዓይነት መሆኑ እምብዛም ስለማይታይ፣ ለእኔ ክርክሩን ያጋደለው ይህ ነው።

የምደባው መዝገብ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዷል። በ2007 ማክላፍሊንና ባልደረቦቿ ንጉሥ ሸርጣኖችን ከባሕታዊዎቹ አውጥተው ራሱን የቻለ የበላይ ቤተሰብ አደረጓቸው። ልጅን ከወላጆቹ ቤት ለይቶ የሚጽፍ መዝገብ ሊታረም ይገባዋል።