የዓለም ትምህርት ቤትና የእኛ ክፍል

እንግሊዛዊው ገጣሚ ቤንጃሚን ዜፋንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመውን «ሬፊዩጂ ቦይ» የተሰኘ ልቦለድ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አንዴ ወድጄው፣ አንዴ ተጣልቼው።

ታሪኩ የእኛው ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት የሆኑት የ14 ዓመቱ ዓለም ኬሎ በሁለቱም አገር መኖሪያ ያጣል። አባቱ ለሽርሽር ብሎ እንግሊዝ አገር ይወስደውና ሆቴል ውስጥ ደብዳቤ ትቶለት ይመለሳል። ልጁ ከማሳደጊያ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ተዛውሮ በምሥራቅ ለንደን ትምህርት ቤት ይገባል።

የመጽሐፉ አከፋፈት ግሩም ነው። ወታደሮች ሌሊት በር ሰብረው ይገባሉ፤ አንዴ ኢትዮጵያ፣ አንዴ ኤርትራ። የአገሮቹን ስም በጣትዎ ቢሸፍኑት የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ይቸገራሉ። ከዚያ ወዲያ ግን አገራችን ከሩቅ የታየች ናት፤ ሐረር ትጠራለች እንጂ አትታይም። አባትየው ልጁን «እንግሊዝኛህን ተለማመድ» እያለ ሲወተውተው ግን ሳቄ መጣ። እኔ በምኖርበት የልደታ ኮንዶሚኒየም እናቶች ከሰገነት ላይ ልጆቻቸውን ለምሳ የሚጠሩት በእንግሊዝኛ ነው። የትም ሳይሄዱ!

የተጣላሁት ከትምህርት ቤቱ ጋር ነው። መንግሥት ዓለምን ሊመልሰው ሲል የክፍል ጓደኞቹ ተነሥተው ዘመቻ ያደርጉለታል፣ ሰልፍ ይወጡለታል። ዜፋንያ ይህን የጻፈው ለወጣት አንባቢ ተስፋ ለመስጠት ይሆናል፤ አልነቅፈውም። እኔ ግን ሌላ ክፍል አውቃለሁ።

ልደታ፣ መስከረም 1991 ዓ.ም.፤ ጦርነቱ ከተጀመረ አራት ወር ሆኖታል። ሦስተኛ ክፍል ስንገባ አጠገቤ ይቀመጥ የነበረው ልጅ አልመጣም። ክረምቱን ከነቤተሰቡ ወደ አሥመራ መባረሩን የነገረችኝ የቤት ሠራተኛችን ናት። ስሙ ሲጠራ «አቤት» የሚል ጠፋ፤ መምህሩ በእስክሪብቶ ሰረዙት። እኔም ቦርሳዬን እሱ ቦታ ላይ አኖርኩ። ዴስኩ ስለሰፋልኝ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

ያ ልጅ ከአማርኛ በቀር ቋንቋ አያውቅም ነበር። አሥመራ የጠበቀው ትምህርት ትግርኛ ነው። እንደ እሱ ያሉትን እዚያ «አምቼ» ይሏቸዋል፤ ስሙ የመጣው ከውጭ በመጣ ዕቃ አዲስ አበባ ውስጥ የኢጣሊያ መኪና ከሚገጣጥመው ከአምቼ ፋብሪካ ነው። ቀልዱ ያስቃል፤ ልጁን ያስቀው እንደሆነ እንጃ። ከለንደኑ ክፍል ይልቅ ይህንኛውን ባነብ እመርጣለሁ፤ የ«አገሬ» በተባለ ቦታ ባዕድ ሆኖ ደብተር የሚከፍት ልጅ። ዜፋንያ እ.ኤ.አ. በ2023 አርፏል። ለምን ሲሳይ እ.ኤ.አ. በ2013 ልቦለዱን ለመድረክ ሲያዘጋጀውም ታሪኩ ያው የለንደኑ ነው።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ላይ ከአሰብ የተፈናቀለች ልጅ መጥታ እዚያው ቦታ ተቀመጠች። ቦርሳዬን አነሣሁላት። ሌላ ያልኳት ነገር የለም።