የፈርዖኖች ስም በኢትዮጵያ ነገሥታት ዝርዝር ውስጥ

ስም ዕድሜ አለው። በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው የነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሁለት ስሞች ተጋጥመው የተሠራ ነው። ላፍቶ በኦሮምኛ ግራር ማለት ሲሆን ከከተማይቱ መቆርቆር አስቀድሞም ሊነገር የሚችል የአገር ስም ነው። ነፋስ ስልክ ግን ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፍ መልእክት ወደ አገሪቱ ከመግባቱ በፊት ሊታሰብ እንኳ አይችልም። አንድ ጸሐፊ ተነሥቶ «በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የነፋስ ስልክ ገዥ እገሌ ይባል ነበር» ብሎ ቢጽፍ፣ በዚያው ሰፈር የሚማር ሕፃን ስሕተቱን ለመንቀስ ሌላ ማስረጃ አያሻውም፤ ስሙ ራሱ ይመሰክርበታልና።

በዚሁ ቀላል መመዘኛ ሊመዘን የሚገባው አንድ ሰነድ አለ። ይኸውም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በሰኔ 1914 ዓ.ም. ለእንግሊዛዊው ጸሐፊ ለቻርልስ ሬይ የሰጡት የኢትዮጵያ ነገሥታት ዝርዝር ነው። ሬይ በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ አወጣው። ዝርዝሩ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4530 ዓመት ይነሣና ገዥዎቹን ከነዘመናቸው ርዝመት ይደረድራቸዋል። የዚሁ የቅርብ ዘመድ የሆነ ዝርዝር በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ዋዜማ» (1921 ዓ.ም.) ውስጥ ገብቷል። የጥንታዊት ግብፅ ገዥዎች የኢትዮጵያም ገዥዎች እንደ ነበሩ ለሚናገር መምህርም ሆነ ለሚሥል ሠዓሊ ይህ ዝርዝር ምቹ ድጋፍ ነው።

አንባቢ ገጹን ሲገልጥ በእርግጥ ይደነቃል። ሔርሆር፣ ፒኖትሰም፣ ማሳሄርታ፣ ራመንኮፐርም የሚባሉ ነገሥታት ተሰልፈው ከእነርሱ ጥቂት ዝቅ ብላ ማክዳ ትመጣለች። ከቀዳማዊ ምኒልክ በኋላ ደግሞ አሜን ሆቴፕ ዘግዱር፣ አክሱማይ ራሚሱ፣ ካሽታ፣ ሳባካና ቴርሃክ ይከተላሉ። የፊተኞቹ አራቱ ማን እንደ ነበሩ የግብፅን ታሪክ ያጠና ሰው ያውቃል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ11ኛውና በ10ኛው መቶ ዓመት በቴብስ ከተማ የአሞን ጣዖት ሊቃነ ካህናት ሆነው ላይኛውን ግብፅ የገዙ ሰዎች ናቸው። የግንባታ ጽሑፋቸው የሚመሰክረው ስለ ቴብስ ነው። አንዳቸውም በአክሱም ተራሮች መካከል ዙፋን እንዳልነበራቸው ግልጽ ነው።

ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የስሞቹ ድግግሞሽ ነው። ሳባካና ቴርሃክ ካለፉ በኋላ ዝርዝሩ ብዙ ትውልድ ቆጥሮ ሳባቆን፣ ሴፔኮስና ታራኮስ የሚባሉ ሌሎች ነገሥታትን ያመጣል። እነዚህ ሌሎች አይደሉም። ግብፃዊው ካህን ማኔቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በግሪክኛ በጻፈው ታሪክ፣ የ25ኛውን ሥርወ መንግሥት ሦስት ነገሥታት የጠራባቸው ስሞች ናቸው፤ ሳባቆን ያው ሻባካ፣ ታራኮስም ያው ታሃርቃ ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ በግብፅኛ፣ ሌላ ጊዜ በግሪክኛ ስሙ ተጠርቶ ሁለት ጊዜ ነገሠ ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብለው የሚገኙት አክቲሳኒስ፣ ማንዴስና ፕሮታዎስም የግሪኩ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ ስለ ግብፅ በተረከው ተረት ውስጥ ያሉ ናቸው። በብራና ላይ ተጽፎ ከገዳም የወጣ የአባቶች ዝርዝር በዚህ ዓይነት የግሪክ መድረሻ ሊሞላ አይችልም። እንዲያውም በጥንት ብራናዎች ያሉት የነገሥታት ዝርዝሮች ከአርዌ ወይም ከቀዳማዊ ምኒልክ ይጀምራሉ እንጂ ፈርዖን አያውቁም። በክብረ ነገሥትማ የፈርዖን ልጅ ሰሎሞንን ወደ ጣዖት የምትስብ አሳሳች ናት፤ ዘመድነቷ አይፈለግም።

ታዲያ ከየት መጡ? ጀርመናዊው ሊቅ ማንፍሬድ ክሮፕ ጉዳዩን መርምሮ ምንጩን ፈረንሳዊው ሉዊ ሞሪዬ በ1904 እ.ኤ.አ. ካሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ላይ አግኝቶታል። የሞሪዬ መጽሐፍ ኑቢያንና ሐበሻን በአንድ «ኢትዮጵያ» ስም ጠቅልሎ የያዘ ነው። የቴብስ ካህናት ወደ ናፓታ ሸሽተው መንግሥት መሠረቱ የሚለው የ19ኛው መቶ ዓመት ግምትም ጊዜው ያለፈበት ነው። በዛሬይቱ ሱዳን በኤል ኩሩ የተገኙት የንጉሣውያን መቃብሮች የኩሽ ሥርወ መንግሥት ከዚያው ከአገሩ እንደ በቀለ ወደ ማመን አድርሰዋል።

ይህን ሁሉ ማጭበርበር ብሎ መጥራት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የመምታቱ ሥር ትርጉም ነው። ብሉይ ኪዳን ወደ ግሪክኛ ሲመለስ ኩሽ የሚለው የዕብራይስጥ ቃል «ኢትዮጵያ» ተባለ፤ ግዕዙም ተከተለው። ስለዚህ በመጽሐፈ ነገሥት ሰናክሬምን ሊወጋ የወጣው ቲርሐቅ የኢትዮጵያ ንጉሥ ሆኖ ሲነበብ የኖረ ነው። የጊዜውም ግፊት መዘንጋት የለበትም። ዝርዝሩ የተሰጠው ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ከመግባቷ ከአንድ ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የሥልጣኔን ዕድሜ የነፃነት መብት መለኪያ ላደረገ ዓለም፣ ረጅም የትውልድ ሐረግ ማቅረብ ለአልጋ ወራሹ መንግሥት እንደ መከላከያ ምሽግ ነበር። መከላከያው ግን ከባዕድ ግምጃ ቤት የተበደረ መሆኑ ያሳዝናል።

የሚያሳዝነውም የአገሪቱ ድንጋይ ሌላ ስለሚናገር ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዔዛና በአክሱም ባስቀረጸው ጽሑፍ ግዛቶቹን ሲቈጥር ሐበሻን ለብቻ፣ ካሱን ለብቻ ይጠራል፤ በሌላውም ጽሑፍ ወደ ኖባና ወደ ካሱ ዘምቶ ከተሞቻቸውን እንደ መታ ይናገራል። ካሱ ማለት ኩሽ ነው። የካሽታና የቴርሃክ አገር ለዔዛና የአባቶቹ ርስት ሳይሆን የተዘመተበት ጎረቤት ነበር። የድንጋዩ ቃል ከ1914ቱ ወረቀት በ1500 ዓመት ያህል ይበልጣል፤ ለመምህር ከዚህ የተሻለ የክፍል መሣሪያ ከየት ይመጣል?

ግንኙነት አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ንግሥት ሐትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች በዴር ኤል ባሕሪ ግድግዳ ተቀርጸው ይታያሉ። በዚያ ላይ መሰላል የተደገፈባቸው በእንጨት ምሰሶ የቆሙ ቤቶች፣ ከነሥራቸው በቅርጫት የሚጋዙ የከርቤ ዛፎች፣ የፑንት አለቃ ፓራሁና ሚስቱ አቲ አሉ። ቀራጩ የባሕሩን ዓሣ ሳይቀር ዓይነት በዓይነት ለይቶ ቀርጿል። በግብፅ በተገኙ የዝንጀሮ በድኖች ላይ በ2020 እና በ2023 እ.ኤ.አ. የወጡ ጥናቶች እንስሳቱ ከአፍሪቃ ቀንድ፣ ከኤርትራና ከአካባቢው እንደ ተወሰዱ አመልክተዋል። ይህ የንግድ ታሪክ ነው፤ የከርቤ ለቃሚው፣ የተሸካሚው፣ የቀዛፊው ታሪክ። የነገሥታት ዝርዝር ለእነዚህ ቦታ የለውም። ራሚሱን አክሱማይ ብሎ ሲያነግሥ፣ በ3ኛው ራምሴስ ዘመን በዴር ኤል መዲና የመቃብር ሠራተኞች ደሞዛቸው የሆነው እህል ቢዘገይባቸው ሥራ ማቆማቸውን አያውቅም።

ገጣሚ ዓባይን ይዞ ከምንጩ እስከ ፒራሚዱ ቢዘምር ሥልጣኑ ነው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በዚህ መንገድ ርቆ ሄዷል፤ ዓመተ ምሕረት የሚጠይቀውም የለም። ዘመንና ቁጥር የሚሰጥ ጽሑፍ ግን በዘመኑና በቁጥሩ ይጠየቃል።

ደግሞም የግብፅን ገዥዎች ታሪክ ከኢትዮጵያ ቤት ለሚፈልግ እውነተኛ ሀብት አለ። በ7ኛው መቶ ዓመት የኒቅዩስ ጳጳስ የነበረው ግብፃዊው ዮሐንስ ከአዳም ጀምሮ፣ በፈርዖኖችና በሮማውያን አልፎ፣ ዐረቦች ግብፅን እስከ ያዙበት ጊዜ የሚዘልቅ ታሪክ ጽፎ ነበር። የመጀመሪያው ጽሑፍ ጠፍቷል፤ የዐረብኛው ትርጉምም ጠፍቷል። የቀረው በ1602 እ.ኤ.አ. በጦር አለቃው በአትናቴዎስና በንግሥት ማርያም ሥና ትእዛዝ፣ በግብፃዊው ዲያቆን በገብርኤል እጅ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ብቻ ነው። በ1883 እ.ኤ.አ. ዞተንበርግ ፓሪስ ላይ አሳትሞታል። ስለ ግብፅ መያዝ የሚጽፍ የካይሮም ሆነ የለንደን ሊቅ ያንን የግዕዝ መጽሐፍ ሳይገልጥ አያልፍም።