ተመላሽና ተመላላሽ

ባለፈው ቅጽ ስለ ሐይቅ የተጻፉ ሦስት ግጥሞች ወጥተው ነበር። ሦስቱንም በክበባችን ስብሰባ ላይ ጮክ ብለን አንብበናቸዋል። በመጀመሪያው የሐይቁ ማዕበል ‹‹ይወዛወዛል››፤ በሁለተኛው የገጣሚው ልብ ‹‹ይመላለሳል››፤ በሦስተኛው አንዲት እናት ወደ ጽሕፈት ቤት ‹‹ትመላለሳለች››። ሁሉም ተጨበጨበላቸው። ከመካከላችን አንድ የሐይቅ ልጅ ግን እጁን አወጣና፣ ‹‹ኧረ ተዉ! ማዕበል መች ይወዛወዛል? የሚወዛወዘው ዳር ያለው ደንገል ነው›› አለ። ሳቅን። በኋላ ስናስበው ግን ነገሩ የሚሳቅበት ሆኖ አላገኘነውም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ሳቅ የመጣ ነው።

እስቲ ከቃሉ አሠራር እንነሣ። ‹‹ወዘወዘ›› ሁለት ፊደል ተደግሞ የተሠራ ግስ ነው፤ እንደ ‹‹ነቀነቀ››። የሚወዛወዝ ነገር ሥሩን አይለቅም፤ ቅርንጫፉ ከግንዱ፣ ባንዲራው ከእንጨቱ እንደተያያዘ ነው። ‹‹ተመላለሰ›› ግን የተገኘው ከ‹‹መለሰ›› ነው። ‹‹ሰበረ›› ‹‹ሰባበረ››፣ ‹‹ቆረጠ›› ‹‹ቆራረጠ›› እንደሚሆነው ሁሉ፣ እዚህም መካከለኛው ፊደል ተደግሞ ድርጊቱን ደጋገመው። የሚመላለስ ሰው ቦታውን ለቆ ይሄዳል፤ ይመጣል፤ ደግሞ ይሄዳል። ‹‹ዋዠቀ›› ብንል ደግሞ የሚረጋበት ያጣ ነው፤ ሐሳብና የገበያ ዋጋ ይዋዥቃሉ። ወተት ሲናጥም ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ግን መጨረሻው ቅቤ ነው። እንግዲህ እነዚህን ግሶች እንደ አንድ እየቆጠርን ቤት ለመምታት ብቻ የምናለዋውጣቸው ከሆነ፣ ቋንቋውን አደኸየነው እንጂ ምኑን ገጠምን?

ስለ አመጣጡ በስብሰባው ብዙ ተብሏል። አንዱ ጓደኛችን ‹‹ምላስም ከመለሰ የመጣ ነው፤ መልስ የምንሰጠው በምላስ አይደለም ወይ?›› ብሎ ነበር። ያምራል፤ ግን ልክ አይደለም። ከ‹‹ላጨ›› ምላጭ፣ ከ‹‹ጣደ›› ምጣድ እንደወጣ፣ ምላስም የወጣው ከ‹‹ላሰ›› ነው። ግእዙ ለመመለስ ‹‹ተመይጠ›› ይላል፤ የእመቤታችን ከግብፅ መመለስ የሚታሰብበት በዓል ‹‹ሚጠት›› መባሉም ከዚሁ ነው። ወዲያ ወዲህ ለማለት ደግሞ ‹‹አንሶሰወ›› የሚል ሌላ ግስ አለው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ግእዙ ይህን ግስ በተናገረበት ቦታ፣ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ‹‹ተመላለሰ››ን ተጠቅሟል። በዚያ ቦታ ትርጉሙ መዘዋወር ነው። ግእዙ በሁለት ግስ የለየውን አማርኛችን በአንድ ሥር ጠቅልሎ ይዞታል ማለት ነው።

ሥሩ ደግሞ ምን ያህል እንደበዛ ለማየት መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልግም፤ ሱቅ ደርሶ መምጣት ይበቃል። ‹‹መልስ የለም›› ሲለን ባለሱቁ ዝርዝር አጥቷል፤ መምህሩ ‹‹መልስ የለውም›› ሲል ጥያቄው ከብዷል፤ ሠርገኛ ‹‹መልስ›› ሲል ደግሞ ሌላ ድግስ አለ። የአውቶቡሱ ‹‹ደርሶ መልስ››፣ የጋዜጠኛው ‹‹ቃለ ምልልስ››፣ የታመመውን ሰው ‹‹አስመለሰው›› የምንለው፣ ሁሉም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ለሰምና ወርቅ እንዲህ የተመቸ ግስ ከየት ይገኛል?

አሁን ወደ ግጥሞቹ። የመጀመሪያው ገጣሚ ውሃውን እንዲያው ከሩቅ፣ ምናልባትም ከደሴ ወደ ወልድያ በሚሄድ መኪና መስኮት ያየው ይመስለናል። ሐይቅ በግእዝ መጀመሪያ የውሃ ዳርቻ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ማዕበል መጥቶ የሚመለስበትን ቦታ እየጠራ፣ ገጣሚው ግን ‹‹ተወዛወዘ›› ብሎ አለፈው። ሐይቁ ወንዝ ይገባበታል እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ውሃው ዳር ደርሶ ከመመለስ በቀር የትም አይሄድም። ይህን የሚያህል ሐሳብ በእጁ ሳለ በአንድ ግስ ምክንያት አመለጠው።

ሁለተኛው የእስጢፋኖስን ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዐን፣ የአምባሰልን ተራራና ቅኝቱን ይዘረዝራል፤ በየስንኙም ልቡ ‹‹ይመላለሳል››። ስሞቹ ሁሉ ትክክል ናቸው። ግን ልቡ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ? ሲመለስስ ምን ይዞ ተመለሰ? አልተነገረንም። መመላለስ መንገድ አለው፤ ድካምም አለው። ያለ ድካም የሚመላለስ ልብ እኛን አያሳምነንም።

ሦስተኛው ግጥም ከሦስቱ የላቀ ነው እንላለን፤ ቤት አመታቱ ቢደክምም። እናትዮዋ ለአንዲት ወረቀት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ትሄዳለች። ‹‹እማማ፣ ነገ ይመለሱ›› ይሏታል። ‹‹ይመለሱ›› ማለት ነገ ይምጡ ነው፤ ወደ ቤትዎ ይሂዱ ማለትም ነው። ጸሐፊው ሁለቱንም በአንድ ቃል፣ በትሕትና አንቱታ ጠቅልሎ ሰጣት። ገጣሚው ይህን አይቶ ምንም ሳያብራራ ትቶታል፤ ደግ አደረገ። ከእኛ መካከል ይህን ስንኝ ሲሰማ የራሱን እናት ያላሰበ የለም።

የምንነቅፈው መጨረሻውን ነው። እዚያ እናቲቱን ‹‹ተመላሽ›› ይላታል። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎ ወደ ምዕራብ በሰፈራ ሄደው፣ ኋላ ወደ ቀያቸው የመጡት ብዙዎች ተመላሾች ናቸው፤ በዘመናችን ከዓረብ አገር የመጡት እህቶቻችንም እንዲሁ። ተመላሽ ቢከፋም ቢለማም አንድ ቀን ደርሷል። ሐኪም ቤት ‹‹ተመላላሽ›› የሚባለው ታካሚ ግን አልጋ የለውም፤ ቀጠሮ ብቻ ነው ያለው። የግጥሙ እናትም እንደዚሁ ተመላላሽ ናት። ገጣሚው አንዲት ‹‹ላ›› ቢያስቀር ምናለበት ያለ ይመስላል። በዚያች ፊደል ውስጥ ግን የሴትዮዋ የስንት ቀን መንገድ አለ።

ለሦስቱም ባልደረቦቻችን ያለን አክብሮት እንዳለ ነው። ሦስተኛው ገጣሚ መጨረሻውን አርሞ ቢልክልን በሚቀጥለው ቅጽ እናወጣዋለን። ‹‹ነገ ተመለስ›› አንለውም።