ከሰልባትዮ እስከ ሞተር

ሞተር የተቀየረለት መኪና ሲያሳዩን ሁላችንም ኮፈን ነው የምናስከፍተው። ሞተሩ ታጥቦ ሲያብረቀርቅ «ጎበዝ መካኒክ ነው» እንላለን። እኔ ግን የመካኒኩን እጅ ለማየት ተንበርክኬ ከስር አያለሁ፤ ከሰልባትዮው እስከ ሞተሩ ያለችውን የቤንዚን መስመር።

አሮጌዋ ኮሮላ ዲኤክስ አርሲ ውስጥ ዛሬም ትሠራለች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን ካስወደደ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከታገደ ወዲህ፣ ባለቤቷ ማደሱ ያዋጣዋል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ባለ ኢንጀክሽን ፎር ኤ ሞተር ገዝቶ ይመለሳል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የዲኤክሷ የጥንቱ ሞተር፣ ባለ 1290 ሲሲው ፎር ኬ፣ ካርቡራተር ነበረው። ፖምፓው ሞተሩ ጎን ተለጥፎ በካምሻፍቱ እየተገፋ ቤንዚኑን ከኋላ ይስባል፤ ግፊቱ ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ቢሆን ነው። አዲሱ ሞተር የሚጠይቀው ወደ 3 ባር ይጠጋል፣ አሥር እጥፍ ማለት ነው። የድሮው ጎማና ፋሼታ ይህን ይችላል ብሎ የሚያስብ መካኒክ መኪና ሳይሆን እሳት እየገጣጠመ ነው።

የአሰላ መንገድ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከአዳማ ሙቀት ተነስቶ በዴራና በኢተያ አድርጎ በ75 ኪሎ ሜትር ውስጥ 700 ሜትር ያህል ይወጣል። አሰላ 2,430 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያንሳል፤ ግፊት ሲቀንስ ቤንዚን በትንሽ ሙቀት ይተናል። የጋለ ሞተር ላይ ሆኖ የሚስብ ፖምፓ ደግሞ መስመሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ይብስ ያወርደዋል። እንፋሎት ይሞላል፣ መኪናዋ ዳገት ላይ ትቆማለች፣ ሾፌሩ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ ይጠብቃል። ሰልባትዮው ውስጥ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ግን ከኋላ ይገፋል፤ የተገፋ ቤንዚን በቀላሉ አይተንም። ቤንዚኑ ራሱም ፖምፓውን ያቀዘቅዘዋል።

የጥሩ መካኒክ ሥራ ሰልባትዮው ሲከፈት ይታያል። የካርቡራተር ሰልባትዮ ውስጡ ባዶ ሜዳ ነው፤ ቤንዚኑ ሲያንስ በቆጂ መንገድ ጠመዝማዛ ላይ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፖምፓው አየር ይስባል። ካርቡራተር ቢሆን ጎድጓዳው ውስጥ የያዘው ትንሽ ቤንዚን ያሻግረዋል፤ ኢንጀክሽን ግን ወዲያው ያነክሳል። ስለዚህ መካኒኩ ትንሽ የቆርቆሮ ጽዋ ሠርቶ ፖምፓውን እዚያ ውስጥ ያስቀምጣል። ከሞተሩ የሚመለሰው ትርፍ ቤንዚንም እዚያችው ላይ እንዲወርድ ያደርጋል፤ ጽዋዋ ሁልጊዜ ሙሉ ናት። የብየዳው መስመር ቀጭን፣ እኩል፣ ያለ ቀዳዳ መሆን አለበት። ሰልባትዮ መበየድ ቀልድ አይደለም፤ ታጥቦ፣ ውሃ ተሞልቶ፣ ለብየዳው የምትበቃ ቦታ ብቻ ተትታ ነው።

ከዚያ የቱቦው ጫፍ። ችኩል ሰው ቱቦውን በመጋዝ ቆርጦ ጎማውን ይሰካበታል። ጠንቃቃው ጫፉን ሞርዶ፣ ዙሪያውን ስስ ጉብታ አውጥቶለት፣ ለኢንጀክሽን የተሠራ ጎማ ከጉብታው አሳልፎ ያስገባል፤ ፋሼታው ከጉብታው ኋላ ሲጠብቅ ጎማው በ3 ባር እንኳ አያመልጥም። ፋሼታውም ጥርስ የተፈለፈለበት ተራው አይደለም፤ ሆዱ ልስልስ፣ ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ ነው፣ ጎማ አይበላም። ቱቦው ከጭስ ማውጫው ርቆ፣ በየስንዝሩ ታስሮ ይሄዳል። የመመለሻው መስመርም ሰፋ ያለ ነው። ቀጭኑ የድሮው ከቀረ ቤንዚኑ መመለሻ ያጣና ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ይህችን የሚረሳት ብዙ ነው።

የሽቦው ነገር አጭር ነው፤ ፖምፓው የራሱ ሪሌይና ፊውዝ ይኑረው፣ ሞተር ሲጠፋም ይቁም። መኪና ተገልብጦ ቱቦ ቢበጠስ ቤንዚን እየረጨ የሚቀጥል ፖምፓ ማንም አይፈልግም። ሞተር የተቀየረለት መኪና የሚገዙ ከሆነ ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን ሳያስነሱ ጆሮዎን ወደ ኋላ ወንበር ያስጠጉ። ፖምፓው ያለማቋረጥ እያጉረመረመ ከቀጠለ ሽቦው በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ነው የታሰረው፤ ስለ ዋጋው እንደገና ይነጋገሩ።